ባንዲራው ፊቱ ወዴት ነው?

ያቺ የቅዳሜ ምሽት ያስከፈለችኝን መጀመሪያ ልናገርና ሌላው በኋላ ይድረስ። አንድ ነጭ ቫን፣ ከነመጠቅለያቸው ስልሳ ሸራዎች፣ አሥራ አራት ካርቶን ካልሲ፣ የአስቴር ቀኝ ክንድ ከክርኑ በታች። ይህን ሁሉ ላለማጣት ይበቃኝ የነበረው የስልክ ሒሳብ አንድ ዶላር ከሰባ አምስት ሳንቲም ነው። አልከፈልኩትም።

ባለፈው ወር ሱቄን አስረክቤ ጡረታ ወጣሁ። ነጋዴም ጡረታ ይወጣል ወይ የሚለኝ አለ፤ ጉልበቱ ሲወጣ እሱም ይወጣል። ሱቁን የገዛኝ ሰው ዕቃ ሲረከብ፣ ከጀርባው ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የመንገድ ካርታ አየና፣

"ይሄ ሁሉ የክብሪት እንጨት ለምን ተለጠፈበት?" አለኝ።

"የአየር ጠባይ ነው" አልኩት።

ስልኩን ከኪሱ አወጣና ደመናው በአረንጓዴና በቀይ ቀለም ሲጓዝ አሳየኝ። የትኛው ማዕበል በስንት ደቂቃ የት እንደሚደርስ ሳይቀር ይናገራል። "እኛ ይሄን በእንጨት ነበር የምንሠራው" ብዬ ካርታውን ጠቅልዬ ወጣሁ። አሁን ከፊቴ ያለው እሱ ነው።

ቶሮንቶ ስገባ የነበረኝ ትምህርት የመንገድ ትምህርት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ከዕቃ ካርቶን ላይ ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። ከሱዳን አብረውኝ በስደት የመጡት ኮሌጅ ሲገቡ እኔ ሳህን አጣቢ ሆንኩ፤ ቀጥሎ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት ቆራጭ። ደመወዙን አላነሳውም፤ እሱም ብዙ አላነሳኝም። እዚያ የነበረው ሱፐርቫይዘር በዝናብ ቀን ሰዎች ከመኪናቸው ወርደው ጋዜጣ ራሳቸው ላይ ደፍተው ሲሮጡ እያየ ይስቅ ነበር። እኔ አልሳቅሁም፤ ቆጠርኳቸው። በሳምንቱ ከጅምላ አከፋፋይ ሁለት ደርዘን ጃንጥላ ገዝቼ ከቲኬቱ ጋር መሸጥ ጀመርኩ። ሱፐርቫይዘሩ ሲደርስብኝ አባረረኝ። ያባረረኝ ቀን እየዘነበ ስለነበር ለእሱም አንድ ሸጥኩለት።

ከዚያ ብሉር ጎዳና ላይ ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘረጋሁ። የጃንጥላን ንግድ ያወቅሁት እዚያ ነው። ጃንጥላ ሲዘንብ አይሸጥም፤ ሊዘንብ ሲል ነው የሚሸጠው። ከዘነበ በኋላ ሰው ጣራ ሥር ተጠግቶ እስኪያባራ ይጠብቅሃል እንጂ አይገዛህም። ስለዚህ ዝናቡን በግማሽ ሰዓት መቅደም አለብህ። ለዚህ ብዬ ቀን ከሌሊት ስለ አየር ጠባይ ብቻ የሚለፈልፍ ትንሽ ሬዲዮ ገዛሁ። ሌላው ሰው ዘፈን ሲሰማ እኔ የነፋስ ፍጥነት እሰማ ነበር። እንግሊዝኛ የተማርኩትም ከእሱ ነው፤ ለዚህ ይሆናል ዛሬም ሰላምታ ሳልጨርስ ስለ ደመና የማወራው።

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ዌስተን የሚባል ሰፈር ውስጥ የሚከራይ ፎቅ ሥር ሱቅ ያዝኩ፤ ሁለት ቫንም አበጀሁ። ጃንጥላው ወደ ሸራ አደገ፤ ካልሲም ጨመርኩበት። ከከተማው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ሁለት ሰዓት ከነዳህ የገበሬ አገር ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍሊ ማርኬት የሚሉት የአሮጌ ዕቃ ገበያና የከብት ጨረታ አለ። ገበሬ ሸራ የሚገዛው ማዕበል ሲወራ ነው፤ ለድርቆሹ፣ ለማሽኑ፣ ለጣራው። እኔም አርብ ማታ ሬዲዮዬን ሰምቼ፣ ማዕበል ወደሚጠበቅበት ቫኖቹን እልክ ነበር። ሌላው ሰው ማዕበልን የሚከታተለው ሊሸሸው ነው። እኔ የምከታተለው ቀድሜው ልደርስ ነበር።

ካርታውን ያመጡት ጋሽ ዘውዴ ናቸው። ጋሽ ዘውዴ በአገር ቤት ሃያ ዓመት የአሰብ መንገድ የቦቴ ሾፌር ነበሩ። እዚህ ደግሞ በሳምንቱ አምስት ቀን የቢሮ ሕንፃ ይጠብቃሉ፤ ቅዳሜ እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ክፍያ ላቅርብላቸው ስል፣ "እኔ የምመጣው የሚሄድ መኪና ለመስማት ነው" አሉኝ፤ ምሳ ብቻ ይበሉ ነበር።

ጠረጴዛ ላይ የክፍለ አገሩን የመንገድ ካርታ ዘርግተው፣ ያልተለኮሰ ክብሪት ለቫን፣ የተቃጠለ ክብሪት ለማዕበል አደረጉ። የተቃጠለው ጫፍ ማዕበሉ የሚሄድበትን ያሳያል። ሬዲዮው አዲስ ነገር በተናገረ ቁጥር ያነሱና ያስቀምጣሉ። ግን ሬዲዮውን ብቻ አያምኑም ነበር። "ይሄ ሰውዬ ያለው ቢሮ ውስጥ ነው" ይላሉ፤ "ደጅ ያለ ሰው እንጠይቅ።" እናም ስልክ አንስተው በመንገዱ ላይ ወዳለ ነዳጅ ማደያ፣ ዶናት ቤት፣ ሞቴል ይደውላሉ።

ከመደወላቸው በፊት የሸሚዛቸውን የላይኛውን ቁልፍ ይቆልፉና ከረባታቸውን ያጠብቃሉ። መጀመሪያ ሳይ ሳቅሁ።

"ጋሽ ዘውዴ፣ ማን ያይዎታል?"

"ድምፅ ይታያል" አሉኝ። "ደረቱን ከፍቶ የሚያወራ ሰው ያስታውቃል።"

ከዚያ በተቆራረጠ እንግሊዝኛቸው፣ "እንደምን አመሹ እመቤቴ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ባንዲራው ፊቱ ወዴት ነው?" ይላሉ። እዚህ አገር ነዳጅ ማደያም ዶናት ቤትም ባንዲራ አለው። ስለ ዝናብ ብትጠይቀው ሰው ያጋንናል ወይም ያሳንሳል፤ ባንዲራ ግን እንዲህ ነው ወይም እንዲያ ነው። ሴትዮዋ በሩን ከፍታ አይታ ትመለሳለች። ቀጥሎ መብረቁ በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ በመጨረሻ ስሟን። ስሟን ከካርታው ጠርዝ ላይ በአማርኛ ይጽፋሉ። የገና በዓል ሲደርስ ለእያንዳንዱ ስም ሦስት ሦስት ጥንድ ካልሲ ከእኔ መደርደሪያ ላይ አንስተው በፖስታ ይልካሉ። ካልሲው የኔ መሆኑን ሳስታውሳቸው፣ "ያንተ ስለሆነ እኮ ነው ጥሩ ካልሲ ያልሆነው" አሉኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከሠላሳ በላይ ስም ነበራቸው። በዚህ ሁሉ መጠየቅ አንድ ነገር ተማሩ፦ ባንዲራው መብረቁ ወዳለበት ካመለከተ፣ ያ ደመና አየር እየሳበ ነው፤ ከሱ ጋር ቀልድ የለም።

አስቴር ሸሪኬ ናት። ሦስተኛውን ቫን የገዛችው በራሷ ገንዘብ ነው፤ ትርፉንም እኩል እንካፈል ነበር። ኢስት ዮርክ ሰፈር ከእኅቷ ጋር ትኖራለች። ከእኔም ከሾፌራችን ከመኮንንም የተሻለ የምትሸጠው እሷ ነበረች፤ ገበሬ ሲከራከራት ስለምትወድ። የሸራ ገመድ አስተሳሰሯን ለማየት ብቻ የሚቆም ገዢ ነበር፤ ቀኝ እጇ ቋጠሮውን ሲጨርስ ግራው ገና ገመድ ይፈልጋል።

አሁን ወደ ስልኩ። በዚያን ጊዜ ሞባይል የባለሀብት ነው። የኛ ሰዎች ከመንገድ ስልክ ነበር የሚደውሉት። ኮሌክት የሚባል ነገር አለ፤ የሚከፍለው የተደወለለት ሰው ነው። ደዋዩ ስሙን እንዲናገር ማሽኑ ሦስት ሴኮንድ ያህል ይሰጠዋል፤ ከዚያ የተደወለለትን ሰው፣ "ከእገሌ ጥሪ አለዎት፤ ወጪውን ይቀበላሉ?" ብሎ ይጠይቃል፤ የስሙ ቦታ ላይ የደዋዩን ድምፅ ያሰማሃል። በሦስት ሴኮንድ ውስጥ ደግሞ ሐበሻ ብዙ ማለት ይችላል። "መኮንን ወጣሁ በደቡብ ራበኝ" ይላል መኮንን፤ ማሽኑ ይህን ሁሉ ስም ነው ብሎ ያቀብለኛል። ሰማሁ፤ ስልኩን ዘጋሁ። ማንም አልከፈለም። ከተማው ውስጥ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይሠራት የነበረች ነገር ናት፤ እኔ ግን ሕግ አወጣሁላት። ከዘጋሁ፣ ሰምቻለሁ፣ መንገዱ ደህና ነው፣ ቀጥሉ ማለት ነው። መንገዱ ደህና ካልሆነ ተቀብዬ አናግራችኋለሁ። በዓመት ስንት እንዳተረፈችልኝ አውቅ ነበር። እኮራባትም ነበር።

አስቴር አትወዳትም። "ሰው ደውሎ ፊቱ ላይ ሲዘጋበት፣ ቢያውቀውም ደስ አይለውም" አለችኝ አንድ ቀን።

"ፊትሽ ላይ አይደለም፤ ጆሮሽ ላይ ነው።"

"አንተ እኮ ለቅሶ ቤትም በኮሌክት ነው የምትደርሰው።"

ያ ቅዳሜ ፋሲካ ካለፈ በኋላ የመጣው ቅዳሜ ነው፤ በዘጠናዎቹ አጋማሽ። ጠዋት በሸሚዝ ወጣን። በሚያዝያ እንዲህ ያለ ሙቀት ለምደን አናውቅም፤ ነፋሱ ከደቡብ፣ እርጥብ። ሬዲዮው ከሰዓት በኋላና ማታ ከባድ ማዕበል እንደሚጠበቅ ተናገረ። እኔ መጋዘን ወርጄ ሸራ ቆጠርኩ። መኮንንን ወደ ምዕራብ ላክሁት። አስቴርን ወደ ሰሜን፣ በስድስት ቁጥር መንገድ ዳር ወዳለው ትልቁ የጨረታ ገበያ፤ መቶ ሸራ አስጭኜ። "ቶሎ እንዳትነሺ" አልኳት፤ "ሰማዩ ሲጠቁር ነው የሚገዙሽ።"

ጋሽ ዘውዴ ደጅ ቆመው አንገታቸውን ሲያብሱ አየኋቸው።

"ይሄ ሙቀት የዚህ አገር አይደለም" አሉ። "ግርማ፣ ዛሬ ያቺን ነገርህን ተዋት። ሲደወል ተቀበል።"

"ከጨለመ በኋላ እቀበላለሁ።"

"ቃል?"

"ቃል።"

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ሬዲዮው የመጀመሪያውን ዓይነት ማስጠንቀቂያ አሰማ፤ ይህ፣ ቶርኔዶ የሚሉት አውሎ ነፋስ ሊመጣ ይችላል የሚለው ነው። ሁለተኛው ዓይነት፣ መጥቷል፣ ግቡ የሚለው፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ጀመረ። እስከዚያች ቀን ድረስ ሁለተኛውን ዓይነት በዓመት አንድ ጊዜ ብንሰማ ነው። በዚያች ምሽት በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ሰማን። ሬዲዮው የሚናገረው የካውንቲ፣ ማለት የወረዳ፣ ስም ነው፤ እኛ ደግሞ የምናውቀው መንገድና ገበያ ነው። ጋሽ ዘውዴ አስቀድመው የካውንቲዎቹን ወሰን በቀይ እስክሪብቶ ስለከበቡ፣ ስሙ ሲጠራ ጣታቸው ቦታው ላይ ነበር። አንድ የተቃጠለ ክብሪት፣ ከዚያ ከበስተኋላው ሌላ፣ ከዚያ ሦስተኛ። ሁሉም ጫፋቸው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። በአንድ መስመር የሚሄዱ እንጂ የሚራራቁ አልነበሩም።

ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ጨለመ። በቀን ቢሆን ሰው ደመናውን አይቶ ይሸሻል። ማታ ግን መብረቅ ካልበራ በስተቀር የሚያይ የለም፤ ሬዲዮውም "ታይቷል" ማለቱን ትቶ "ሊኖር እንደሚችል ይገመታል" ማለት ጀመረ። ሁለት መስመር ነበረን። በፋክሱ መስመር ጋሽ ዘውዴ ከረባታቸውን አጥብቀው ይደውላሉ፤ በዋናው መስመር እኔ የቫኖቹን ጥሪ እጠብቃለሁ።

ምሥራቅ ዳር ያለ ሞቴል፣ "ባንዲራው ተኝቷል" አለ። ምዕራብ ያለች ነዳጅ ማደያ፣ "በረዶ ጥሏል፣ የእንቁላል ያህል፣ አሁን አልፏል" አለች። ጋሽ ዘውዴ ክብሪቱን በጥፍራቸው ገፋ ያደርጋሉ። ማዕበሉ ከመኪና እኩል ይሮጣል፤ ክብሪቱ ቆሞ አያውቅም። እውነቱን ልናገር፣ ሥራው ደስ ብሎኝ ነበር። ጨለማው ውስጥ የትም ያለ ሰው የማያየውን እኛ ሁለታችን ዌስተን ውስጥ ጠረጴዛ ላይ እናያለን።

ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ ስልኩ ጠራ። ማሽኑ። "መኮንን ወጣሁ ደቡብ በረዶ መታኝ መስታወቱ ደህና።" ካርታውን አየሁ፤ ከማዕበሎቹ ሁሉ በታች ነው። ዘጋሁ። ጨልሞ ነበር፤ ቃሌ ትዝ አለኝ። ግን መኮንን ደህና ቦታ ነው፤ ምን ያናግረኛል አልኩ።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል እንደገና ጠራ። ማሽኑ። ቀጥሎ የአስቴር ድምፅ፣ ከኋላው ነፋስ፦ "አስቴር፣ መጋጠሚያው ላይ፣ ሰማዩ አልጣመኝም፣ ልለፍ—"

ሦስት ሴኮንዱ አለቀ። እኔም ዘጋሁ።

ረሳሁ ልበል? አልረሳሁም። አላሰብኩም ልበል? እሱ ይቀርባል። አምስት ዓመት ያንን ድምፅ ስሰማ የዘጋ እጅ ነው፤ እኔን አልጠየቀኝም። መጋጠሚያው ላይ ናት የሚለውን ሰምቼ ክብሪቷን ስድስት ቁጥር መንገድ ሰማንያ ዘጠኝ ቁጥርን መንገድ የሚያገኝበት ቦታ ላይ አስቀመጥኩ። ያን ጊዜ የቀረውን ሰማሁት።

ጋሽ ዘውዴ ስልካቸውን ከጆሯቸው አወረዱ።

"ማን ነበር?"

"አስቴር።"

"ምን አለች?"

"ሰማዩ አልጣመኝም፣ ልለፍ... አለች። ከዚያ ተቆረጠ።"

"አንተስ ምን አልካት?"

"ምንም።"

"ምንም ማለት በናንተ ሕግ ምን ማለት ነው?"

የሚያውቁትን ነው የጠየቁኝ። ቢሆንም መለስኩ። "እለፊ ማለት ነው።"

ያን ጊዜም፣ በኋላም አልወቀሱኝም። ካርታው ጠርዝ ላይ ጣታቸውን ሰደው አንድ ስም አገኙና ደወሉ። መጋጠሚያው ላይ ያለችው ነዳጅ ማደያ የዶሪን ናት፤ ለሦስት ገና ካልሲ የተላከላት፣ በስልክ እንጂ በዓይን የማናውቃት ሴት። ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩት።

"እንደምን አመሹ ዶሪን። ነጭ ቫን፣ ጥቁር ሴት፣ ደጅ ያለው ስልክ ላይ?"

"አሁን ሄደች" አለች ዶሪን። "ሁለት ደቂቃ አይሆናትም። ከዘጋችው በኋላ ትንሽ ቆማ ስልኩን ስታየው ነበር።"

"ወዴት?"

"ወደ ምሥራቅ። በሰማንያ ዘጠኝ።"

"ባንዲራው ፊቱ ወዴት ነው?"

በሩ ሲከፈት ነፋሱ ተሰማን። ዶሪን ተመልሳ ትንሽ ተነፈሰች። "ወደ ደቡብ። ተወጥሯል።"

"መብረቁስ?"

"እዚያው ነው። ደቡብ። አይቆምም።"

ጋሽ ዘውዴ የመጨረሻውን የተቃጠለ ክብሪት አነሱና ከመጋጠሚያው በታች አስቀመጡት። ጫፉ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። የአስቴርን መንገድ በጥፍራቸው ወደ ምሥራቅ አሰመሩ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበትን እኔም አየሁት። አስቴር መጋጠሚያው ላይ ቆማ ብትቀር ማዕበሉ በስተምሥራቅ ያልፋት ነበር።

"ዶሪን፣ ምድር ቤት ግቢ" አሏት።

"ሴትየዋስ?"

"እንፈልጋታለን።"

ከመጋጠሚያው በስተምሥራቅ ሃያ ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ዶናት ቤት አለ፤ ከዚያ በፊት ስልክ ያለው ቤት አናውቅም። እዚያ ደጅ ወጥቶ መንገድ ላይ የሚያስቆማት ሰው እንፈልጋለን። የመጀመሪያው ጥሪ አልተነሳም። ሁለተኛው አልተነሳም። በሦስተኛው አንድ ወንድ አነሳው። ጋሽ ዘውዴ ከላበው አንገታቸው ላይ ከረባታቸውን ነካ አደረጉ።

"እንደምን አመሹ ጌታዬ። ባንዲራው ፊቱ ወዴት ነው?"

"የለም" አለ ሰውየው።

"ነፋስ የለም?"

"ባንዲራው የለም" አለ። ድምፁ የተረጋጋ ነበር፤ ሰው ገና ያልገባውን ነገር ሲናገር እንደሚረጋጋው። "ምሰሶውም የለም።"

ከዚያ መስመሩ ሞተ።

ጋሽ ዘውዴ ስልኩን ቀስ ብለው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ብዙ አላስታውሰውም። ሬዲዮው ካውንቲ ይጠራል፤ ጋሽ ዘውዴ ክብሪት ያነሳሉ። የአስቴርን ክብሪት ማንም አልነካውም፤ መንገዱ ላይ የት እናድርገው? ፖሊስ ጋ ደወልኩ፤ መንገዱ ተዘግቷል፣ ዛፍ ወድቋል፣ ስምዎንና ስልክዎን ይተዉ አሉኝ። ስልኩ ሁለቴ ጠራ። ሁለቴም "አዎ እቀበላለሁ" ብዬ ጮህኩ፤ አንዱ መኮንን ነው፣ ቤቱ ገብቶ፣ በራሱ ስልክ። ሌላው የተሳሳተ ቁጥር ነው። እሱንም እቀበላለሁ አልኩት።

አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ በፋክሱ መስመር ተደወለ። ዶሪን ናት።

ምድር ቤት አልገባችም። ከጋሽ ዘውዴ ጋር እንዳወራች የባሏን ፒክአፕ አስነስታ፣ ዝናቡ ሲቀንስ በሰማንያ ዘጠኝ ወደ ምሥራቅ ሄደች። ለምን እንደሄደች በኋላ ጠየቅኋት፤ "ሽማግሌው 'እንፈልጋታለን' ሲል እሱ እንደማይደርስ አውቄያለሁ፤ የምደርሰው እኔ ነኝ" ብላኛለች። አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ላይ ሸራ አየች። ዛፍ ላይ፣ አጥር ላይ፣ ሽቦ ላይ፣ ሰማያዊ ሸራ። ሸራውን ተከትላ ነው ቫኑን ያገኘችው፤ እርሻ ውስጥ፣ ጎማው ወደ ላይ። አስቴር ራሷን አልሳተችም። ቀኝ ክንዷ በሩ ሥር ነበር። ዶሪን ከሸራ ገመዱ ቆርጣ ከክርኗ በላይ ልታስር ስትታገል፣ አስቴር በግራ እጇ ቋጠሮውን አሳየቻት። የሕክምና ሰዎች ያ ቋጠሮ ባይኖር አትተርፍም ነበር አሉ።

ዶሪን ይህን ሁሉ የነገረችን ከሆስፒታሉ ኮሪደር ነው። በራሷ ሳንቲም ደውላ።

ሆስፒታል ልጠይቃት የሄድኩት ማክሰኞ ነው። እኅቷ ከክፍሉ ወጣችልን። ክንዷን አላየሁም፤ መስኮቱን አየሁ።

"ልለፍ ወይስ ልቁም ነበር ያልኩት" አለች አስቴር።

"ግማሹን ሰምቻለሁ።"

"ስትዘጋው፣ ግርማ ካርታው አለው፣ የሚያውቀው ነገር አለ አልኩ። ሕጉ እንደዛ ነዋ። የዚያን ቀን ከጨለመ እንደምትቀበል ጋሽ ዘውዴ ጠዋት ልነሳ ስል ነግረውኛል። እየሰማ ከዘጋው በጣም ደህና ነው ማለት ነው ብዬ፣ እንዲያውም ፍጥነት ጨመርኩ። ቆይ፣ ብትቀበለው ስንት ነበር? አንድ ዶላር?"

"አንድ ከሰባ አምስት" አልኩ።

ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ነጋዴ ዋጋ ሲሳሳትበት ያርማል፤ ሌላ ምክንያት የለውም። አስቴር ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፤ ከዚያ ስፌቱ ሲያማት ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ተነስቼ እስክወጣ አልዞረችም።

የመኪናውን የኢንሹራንስ ወረቀት፣ የሽርክናውን ማፍረሻ፣ ሁሉንም በእኅቷ በኩል ጨረስን። የሚገባትን አንድም ሳላጎድል ሰጠኋት፤ ለዚህ ምስጋና አልጠብቅም። በግራ እጇ መጻፍ ተምራ፣ ዳንፎርዝ አካባቢ ሱቅ ከፈተች፤ ሰው ሲነግረኝ ከኔ የተሻለ ትሸጣለች። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ በአንገቷ ሰላም ትለኛለች፤ በቂ ነው።

ከዚያች ምሽት በማግስቱ ክብሪቶቹን እንደነበሩ በሙጫ አጣበቅኋቸው። የአስቴር ክብሪት መጋጠሚያው ላይ ናት፤ ያልተለኮሰች። ጋሽ ዘውዴ በቀጣዩ ቅዳሜ አዲስ ካርታ ይዘው መጡና የዋናውን መስመር ስልክ ከኔ ጠረጴዛ አንስተው ወደራሳቸው አስጠጉት። መጀመሪያ የመጣውን ኮሌክት እሳቸው ከረባታቸውን አጥብቀው፣ "አዎ፣ እንቀበላለን" አሉ። መኮንን ነበር፤ የደወለው ስለ ረኀቡ ሊናገር ነው። እስኪጨርስ ሰሙት። እስኪያርፉ ድረስ ገና በመጣ ቁጥር ካልሲ ላኩ፤ ከሳቸው በኋላ እኔ ላክሁ። ለዶሪን አንደኛ ደረጃውን።

ማዕበል የመቅደሙን ንግድ ተውኩ። ሸራ ሱቅ ውስጥ አስቀምጬ ሸጥኩ፤ የፈለገ መጥቶ ይገዛል። ሬዲዮውን ግን አልዘጋሁትም። አንዳንድ ቅዳሜ ማታ፣ ነፋሱ ከደቡብ ሲሆን፣ ሰው ባልልክም ክብሪት አወጣለሁ።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ሱቁን እስካስረከብኩበት ቀን ድረስ በዚያ መስመር የመጣ ኮሌክት ሁሉ ተቀብያለሁ፤ የማላውቀውን ሰው፣ የተሳሳተ ቁጥር፣ ሰክሮ የሚደውል ሳይቀር። ከአስቴር የመጣ የለም።